ሰው ወዶ የሚጫነው ባነር እንዴት ይሠራል?



ከመካከላችን ካንቫ ወይም ፎቶሾፕ የሚችል፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዲዛይን እየሠራ የኪስ ገንዘቡን የሚሸፍን ተማሪ ጥቂት አይደለም። የማይችለውም ቢሆን የጀማዓው ደርስ ወይም የሰደቃ ማሰባሰቢያ በመጣ ቁጥር «እስቲ አንድ ነገር ሥራልን» መባሉ አይቀርም። ሁላችንም ደግሞ ስልካችንን በከፈትን ቁጥር የሌሎች ሰዎችን ባነር እናያለን፤ አንዳንዱን እንጫናለን፣ አብዛኛውን እናልፋለን። ስለዚህ በዚህ እትም ሁለት ጥያቄዎችን አብረን እንመለከታለን። ሰውን እንዲጫን የሚያደርገው ባነር ምን ዓይነት ነው? እኛ ሙስሊም ተማሪዎችስ ስንሠራው የት ላይ መቆም አለብን?

ሐሳባችንን ከወዲሁ በአጭሩ እንናገር። ክሊክ ቃል ኪዳን ነው። ባነሩ «ና፣ ይህን ታገኛለህ» ይላል፤ ሰውየውም አምኖ ጊዜውንና የኢንተርኔት ፓኬጁን ያወጣል። ቃሉን የሚጠብቅ ባነር ጥሩ ባነር ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የዲዛይን ትምህርቱና በመድረሳ የተማርነው የንግድ አደብ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመሩ መሆናቸው ነው።

አመጣጡ

በድረ ገጽ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ታዋቂ ባነር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ በተባለ የአሜሪካ የድረ ገጽ መጽሔት ላይ የታየው የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ነው። ስፋቱ 468 ቁመቱ 60 ፒክስል ነበር። ጥቁር መደብ ላይ ባለቀለም ጽሑፍ ሰፍሮበት፣ «እዚህ ቦታ ላይ ማውስዎን ተጭነው ያውቃሉ?» የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ያቀርብና «ትጫናላችሁ» ብሎ ይመልስ ነበር። ሲጫኑት ወደ ሙዚየሞች ጉብኝት ይወስዳል። ካዩት ሰዎች 44 በመቶው እንደተጫኑት በሰፊው ይነገራል።

ዛሬ ግን ከሺህ ሰው አንድ ወይም ጥቂት ሰዎች ከተጫኑት ተራ ባነር እንደ ደህና ይቆጠራል። ልዩነቱ ከየት መጣ? የ1994ቱ ባነር የተጫኑት ሰዎች ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር። ጉጉት ብቻውን በቃቸው። ባነሩ ከጀርባው ምን እንዳለ አልተናገረም፤ ሰውም አልጠየቀም። ዛሬ ያንኑ የሚኮርጅ ሰው ያን ዘመን ማግኘት አይችልም። የአሁኑ ሰው በባነር ብዙ ጊዜ ተታሏል፤ ስለዚህ ይጠረጥራል።

ዓይን እያየ የማያይበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ቤንዌይና ሌን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በድረ ገጽ ላይ መረጃ የሚፈልጉ ሰዎች ተለይተው፣ ጎልተውና በባነር መልክ የተቀመጡትን ሊንኮች እያለፉ፣ ተራ ጽሑፍ የሚመስሉትን ይጫናሉ። የሚፈልጉት መረጃ ያለው ባነሩ ውስጥ ሆኖ እንኳ አያዩትም። ይህን «የባነር መታወር» አሉት።

ለዲዛይነር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ብዙዎቻችን ባነሩ ካልታየልን መጀመሪያ የምናደርገው ፊደሉን ማግዘፍ፣ ቀዩን ማብዛት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር መጨመር ነው። ገበያ ውስጥ ሁሉም ሰው ሲጮህ ግን ጆሮ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን የሚፈልገውን ዕቃ ስም ለጠራው ነው። ዓይንም እንደዚሁ ነው። ያንን ሰው ያን ጊዜ የሚመለከተው ነገር በግልጽ ከተጻፈ ያያል፤ ካልሆነ ጩኸቱን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ያልፈዋል።

ባነሩ የሚመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች

ባነር የምንሠራው ሦስት ጥያቄዎችን በሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ለመመለስ ነው። ማን ነው የሚናገረው? ምን ይሰጠኛል? ምን ላድርግ?

«ማን» የሚለውን የድርጅቱ ወይም የጀማዓው ስምና ምልክት ይመልሰዋል። አንድ ጥግ ላይ፣ በልክ ይቀመጥ። አብዛኛው ጀማሪ ዲዛይነር አርማውን ያገዝፈዋል፤ ያየው ሰው ግን ስለ አርማው ጉዳይ የለውም።

«ምን» የሚለው ዋናው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይሁን። «ጥራት ያለው፣ ዘመናዊና አስተማማኝ አገልግሎት» የሚለው አረፍተ ነገር በማንኛውም ሱቅ ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል የማንም አይደለም። «የአውቶካድ ሥልጠና፣ 4 ቅዳሜ፣ 600 ብር» የሚለው ግን ለማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድና ዋጋው ስንት እንደሆነ ተናግሮ ጨርሷል። ዋጋው የማይመቸው አይጫንም። የሚጫነው ግን አውቆ ይመጣል።

«ምን ላድርግ» የሚለውን ቁልፉ ላይ የሚጻፈው ቃል ይመልሳል። «እዚህ ይጫኑ» ከሚለው ይልቅ ሲጫኑ የሚሆነውን የሚናገር ቃል ይሻላል፦ «ይመዝገቡ»፣ «ያውርዱ»፣ «ዋጋውን ይመልከቱ»። በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ተመዝገብ» ካልን የጠራነው ወንድሞችን ብቻ ነው፤ «ተመዝገቢ» ካልን እህቶችን ብቻ። «ይመዝገቡ» ወይም «ተመዝገቡ» ሁሉንም ያካትታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን የጀማዓውን ግማሽ ከበር ላይ እንዳንመልስ ታደርገናለች።

ፊደላችን በትንሽ ስክሪን ላይ

በዓለም ላይ የተለመዱት የባነር መጠኖች ጥቂት ናቸው። ለኮምፒውተር 728×90 እና 160×600፣ ለሁለቱም የሚያገለግለው 300×250፣ ለስልክ ደግሞ 320×50 እና 320×100 ፒክስል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ስለሆነ መጀመሪያ የምንሠራው ትንሹን ይሁን። ትልቁን ሠርቶ ማሳነስ ጽሑፉን ይገድለዋል።

የግዕዝ ፊደል በዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለው፣ አንድን ቃል ለማጉላት ያለን መንገድ መጠኑ፣ ውፍረቱና ቀለሙ ብቻ ነው። ደግሞም «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለች ትንሽ ምልክት ናት። ፊደሉ ሲያንስ ምልክቷ ትጠፋለች፤ ከመጠን በላይ ሲወፍር ደግሞ የፊደሉ ክፍተት ይደፈናል። ስለዚህ 320×50 በሆነ ባነር ላይ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ ባንጭን ይመረጣል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ መስመሩ ግልጽ የሆነ ፎንት ለትንሽ ጽሑፍ ይስማማል፤ የብራና ጽሕፈት የሚመስሉ ያጌጡ ፎንቶች ለትልቅ ርእስ ይቆዩ።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀለም ልዩነት ነው። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የተለመደ መጠን ያለው ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ትልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ራሳችንን እንታዘብ፦ የጀማዓዎቻችን ፖስተሮች ብዙ ጊዜ ፈዛዛ አረንጓዴ መደብ፣ ወርቃማ ጽሑፍና ከጽሑፉ ጀርባ የመስጂድ ፎቶ አላቸው። ያምራሉ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ በስልክ ለሚያያቸው ሰው ግን አይነበቡም። አረንጓዴውን ጠቆር፣ ጽሑፉን ነጭ፣ ፎቶውን ወደ ጎን ማድረግ ብቻ ችግሩን ይፈታዋል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ጎግል በማስታወቂያ መረቡ ላይ ለሚጫን የምስል ባነር ያስቀመጠው ጣሪያ 150 ኪሎባይት ነው፤ ተንቀሳቃሽ ከሆነም በ30 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ይህን ልክ ለቴሌግራምና ለራሳችን ገጽ ስንሠራም ብንጠብቀው መልካም ነው። ሜጋባይት የሚመዝን ባነር የሚከፈለው ከተመልካቹ ፓኬጅ ላይ ነው።

በሩና ቤቱ

ባነር በር ነው፤ ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ ቤቱ ነው። የአውቶካድ ሥልጠና ብሎ የጠራን ባነር የድርጅቱን ጠቅላላ መግቢያ ገጽ ከከፈተልን፣ ሥልጠናውን ፍለጋ ወደ ታች እየወረድን ጥቂት እንቆይና እንወጣለን። ጥሩ ሠሪ የባነሩን ርእስ፣ ዋጋና ቀለም የሚከፈተው ገጽ አናት ላይ ይደግመዋል። ሰውየው «ትክክለኛው ቦታ ነኝ» ማለት አለበት። ቅጹም ይጠር፤ ለመመዝገብ ስምና ስልክ ከበቃ የአያት ስምና የትውልድ ቦታ አንጠይቅ።

በመድረሳ የተማርናቸው ሦስት ስሞች

የማመሳከሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ስንፈልግ አንድ ገጽ ላይ አራት አረንጓዴ «ዳውንሎድ» የሚሉ ቁልፎች እናገኛለን። አንዱ እውነተኛ ነው፤ ሦስቱ ማስታወቂያ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰውን ያላሰበውን እንዲያደርግ የሚገፉ ዲዛይኖችን ሃሪ ብሪግነል የተባለ እንግሊዛዊ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2010 «ጨለማ ንድፎች» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን የፊቅህ ኪታቦቻችን በቡዩዕ ምዕራፍ ለዘመናት ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ዝርዝር ሑክሙን ለኡስታዞቻችን ትተን እኛ ማመሳሰሉን ብቻ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ግሽ ነው፤ ጉድለትን መሸሸግ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ባለቤቱም ዝናብ ነክቶት ነው ሲል እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት፣ አታላይም ከእሳቸው መንገድ እንዳልሆነ እንደተናገሩ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በእኛ ገበያ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚባለው ይኸው ነው። በባነር ላይ ደግሞ «ነፃ» የሚለው በትልቁ ተጽፎ «ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይከፈላል» የሚለው በማይነበብ ፊደል ከታች ሲቀመጥ እርጥቡ እህል ከሥር ሆኗል ማለት ነው። መፍትሔውም ያው ነው፦ እርጥቡን ወደ ላይ ማውጣት።

ሁለተኛው ተስሪያ ነው። የበግ ወይም የግመል ጡት ሳይታለብ እንዲጠራቀም ተደርጎ፣ ገዢው ሁልጊዜ ወተቷ እንዲያ የበዛ እንዲመስለው ማድረግ ነው። ይህን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ ለተታለለው ገዢም ካለበ በኋላ ቢፈልግ የማስቀረት፣ ካልፈለገም ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር የመመለስ መብት ሰጥተዋል። ልብ እንበል፤ ሻጩ በአንደበቱ አልዋሸም። ጡቱ በእውነት ሞልቷል። የዋሸው ምስሉ ነው። በፎቶሾፕ የተነፋ የምግብ ሳህን፣ ከሌላ ሕንጻ የተወሰደ የማደሪያ ክፍል ፎቶ፣ ከዕቃው ጋር የማይሸጥ ተጨማሪ ዕቃ አብሮ ያለበት ምስል፣ ሁሉም የታሰረ ጡት ናቸው። ለዲዛይነር ይህ ከሁሉ የሚቀርበው ፈተና ነው፤ የእኛ ሥራ ምስል ነውና።

ሦስተኛው ነጅሽ ነው። ሊገዛ ሳይፈልግ ሌላውን ለማስጎምጀት ዋጋ የሚጨምር ሰው ሥራ ነው። ዛሬ «በዚህ ሰዓት 37 ሰዎች ይህን ዕቃ እያዩ ነው» የሚል፣ ቁጥሩን ማሽን በዘፈቀደ የሚፈጥረው ጽሑፍ ያንኑ ያደርጋል። ገጹን ደግመው ሲከፍቱት እንደ አዲስ ከ10 ደቂቃ መቁጠር የሚጀምር ሰዓትም ከዚሁ ይመደባል። እውነተኛ ቀን ካለ ግን መናገሩ ነውር የለበትም። ምዝገባው አርብ የሚዘጋ ከሆነ «አርብ ይዘጋል» ማለት ለሰው ማሰብ ነው።

በሀገራችን ሕግም ቢሆን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኛ ግን ከሕጉ በፊት የምንፈራው አለን።

አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ እዚሁ እንጨምር። በስልክ ላይ ጣት በትክክል ሊነካው ይችል ዘንድ አንድ ቁልፍ በአፕል መመሪያ 44 ነጥብ፣ በጎግል መመሪያ 48 አሃድ ያህል ስፋት እንዲኖረው ይመከራል። የመዝጊያውን ምልክት የጤፍ ፍሬ አሳክሎ ጣት ሲስት ማስታወቂያው እንዲከፈት ማድረግ የተሰረቀ ክሊክ ነው። ሰውየው አልተስማማም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

«እሺ፣ ግን ማታለሉ ይሠራል እኮ» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላ። የክሊክ ምጣኔ ማለት የተጫኑት ሰዎች ለታየበት ጊዜ ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ነው። ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ቁጥር እንውሰድ። ሁለት ባነሮች እያንዳንዳቸው 20,000 ጊዜ ታዩ፤ ለአንድ ክሊክ 2 ብር ይከፈላል እንበል።

የመጀመሪያው «ላፕቶፕ ያሸንፉ!» ይላል፤ ከጀርባው ያው የአውቶካድ ሥልጠና ነው። 400 ሰው ተጫነው፤ ምጣኔው 2 በመቶ። ወጪው 800 ብር። ላፕቶፑ እንደሌለ ሲያዩ አብዛኞቹ ወጡ፣ 4 ሰው ተመዘገበ። አንድ ተመዝጋቢ 200 ብር ፈጀ።

ሁለተኛው ሥልጠናውን፣ ቀኑንና ዋጋውን በግልጽ ይናገራል። 80 ሰው ተጫነው፤ ምጣኔው 0.4 በመቶ። ወጪው 160 ብር። 12 ሰው ተመዘገበ። አንድ ተመዝጋቢ 13 ብር ገደማ ፈጀ።

በክሊክ ከለካን የመጀመሪያው አምስት እጥፍ በልጧል፤ በተመዝጋቢ ከለካን ተሸንፏል። በሁልጊዜው ሥራ ቁጥሮቹ እንዲህ ላይራራቁ ይችላሉ። አንዳንዴም አታላዩ በገንዘብ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በንግድ ላይ መሐላ ሸቀጥን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ ያስተማሩት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሐዲሱ «አይሸጥም» አላለም። ይሸጣል፤ የሚጠፋው በሰንጠረዡ ላይ የማይታየው ነው። የተታለሉት 396 ሰዎች ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት ስንናገር አያምኑንም። 

ስለዚህ እንፈትሽ፤ ግን ትክክለኛውን እንለካ። ሁለት ባነር ስናወዳድር አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፦ ወይ ርእሱን፣ ወይ ምስሉን፣ ወይ የቁልፉን ቃል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት፣ ለተመሳሳይ ሰዎች እናሳይ። በ15 ክሊክ ላይ ተመሥርተንም «ይህ ይሻላል» ብለን አንፍረድ፤ የስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰድን ሁሉ ምክንያቱን እናውቃለን።

ከባነሩ ጀርባ ያለው ማን ነው? አጠገቡስ?

በጣም ሐቀኛ የሆነ ባነር ለሐራም ነገር ሊሠራ ይችላል። ዲዛይን ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የስፖርት ውርርድና የወለድ ብድር ማስታወቂያ ሥራ ይመጣል፤ ከሌላው ሻል አድርጎም ሊከፍል ይችላል። የዶርም ጓደኛችን ለወር የተላከለትን ገንዘብ በአንድ ምሽት ሲያጣ ያየን ሰዎች፣ ያንን ቁልፍ ያሳመረው እጅ የእኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። በበጎ እንጂ በኃጢአት እንዳንተባበር የታዘዝነው ለገንዘቡ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ቀለም መራጩም ተባባሪ ነው። ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ) ነው፤ የተውነው ሥራ ያሳጣን ገንዘብ ግን እውነተኛ ገንዘብ መሆኑንም እናውቃለን። ለዚህ ነው ጀማዓችን የሐላል ሥራ ያላቸውን ነጋዴዎች ከዲዛይነር ተማሪዎች ጋር ማገናኘት ያለበት። «ተው» ማለት ብቻ አይበቃም።

ባነሩ የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብ። በ1990ዎቹ ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤታን ዙከርማን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በጻፈው ጽሑፍ ሳንጠራው በሌላ መስኮት ብቅ የሚለውን ማስታወቂያ ኮድ የጻፈው እሱ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠይቋል። መነሻው አንድ የመኪና ኩባንያ ባነሩ ነውረኛ ይዘት ባለው ገጽ ላይ በመታየቱ መደንገጡ ነበር። እኛም ስናስተዋውቅ የማንፈልጋቸውን የገጽ ዓይነቶች መለየት፣ የራሳችን ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ስንቀበል ደግሞ ቁማርንና የመሳሰሉትን ዘርፎች ማገድ ይቻላል። ቅንብሩ አለ፤ ከፍቶ መመልከት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከመልቀቃችን በፊት

ባነሩ ሲያልቅ በትክክለኛ መጠኑ በስልክ ከፍተን ደጅ ፀሐይ ላይ እናንብበው። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ አንድ ሰው ለሦስት ሰከንድ እናሳየውና «ማን ነው? ምን ይሰጣል? ምን አድርግ ይላል?» ብለን እንጠይቀው። ሦስቱን ከመለሰ ዲዛይኑ ሠርቷል። ቀጥሎ ሊንኩን ራሱ እንዲከፍት እናድርግና አንድ አራተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ «የጠበቅከውን አገኘህ?» እዚህ ላይ ፊቱ ከተለወጠ ባነሩን እናስተካክል እንጂ አንልቀቀው።

በዲዛይን የምትሠሩ እህትና ወንድሞች፣ ሥራችሁን ለጀማዓው ሚዲያ ክፍል ብታሳዩ፣ ጀማሪዎችንም ብታስተምሩ አጅሩ የጋራ ነው። ገዢና ሻጭ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚደረግላቸው ተምረናል። አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን ሥራ ላይ ያንን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።